ከማርሚታ ጎን እስከ ጉድጓድ ውሃ፦ ናኖ የሚባለው ነገር

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን በጠዋት ወጥቶ ፕሪየሱን ሲያስነሳ መኪናዋ እንደ ትራክተር አጓራች። ደንግጦ አጠፋት። ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲያይ የጭስ ቱቦው መሃሉ ላይ የለም። ሁለቱም ጫፍ በመጋዝ ተቆርጧል። የተቆረጠበት ቦታ ገና ያብረቀርቃል። ደውሎ ሲነግረኝ ከንዴቱ ይልቅ ግራ መጋባቱ ይብስ ነበር። «ጎማው አለ፣ ባትሪው አለ። ይህን የጭስ ቱቦ ወስደው ምን ሊሠሩበት ነው?»

አሜሪካ ያላችሁ ሹፌሮች ነገሩን ታውቁታላችሁ። በተለይ በ2021 እና በ2022 ይህ ሌብነት ቅጥ አጥቶ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሚሰረቀው ዕቃ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይባላል። ቦታው በሞተሩና በማርሚታው መካከል ነው። ከውጭ ሲያዩት ተራ ቆርቆሮ ይመስላል። ውስጡ ግን እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሴራሚክ አለ። በሴራሚኩ ቀዳዳዎች ግድግዳ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች ተበትነዋል። ሌባው የሚፈልገው እነሱን ነው።

ስንት ያህል ናቸው? ሁሉም ተደምረው ጥቂት ግራም። አንድ የጋብቻ ቀለበት የሚመዝነውን ያህል በሉት። ይህቺው ጥቂት ግራም መኪናው ለዓመታት የሚተፋውን ጭስ ታጸዳለች። ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትለውጠዋለች። ሳይቃጠል ያመለጠውን ነዳጅ ታቃጥለዋለች። ሳንባ የሚጎዱትን የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መልሳ አየር ውስጥ እንዳለው ተራ ናይትሮጅን ታደርጋቸዋለች። እሷ ራሷ ግን በሥራው አታልቅም።

አሁን አንድ የፕላቲኒየም ቀለበት ከጣታችሁ አውልቃችሁ ቱቦው ውስጥ ብትሰቅሉት ጭሱ እንዳለ ያልፋል። ብረቱ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው። ልዩነቱ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ፕላቲኒየም ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ወደሆኑ ቅንጣቶች መከፋፈሉ ነው። የናኖቴክኖሎጂ ዋና ነገር ይኸው ነው። የምናውቀው ቁስ በጣም ሲያንስ ጠባዩ ይለወጣል። መሐንዲሶች ያንን የተለወጠ ጠባይ ሥራ ላይ ያውሉታል።

ምን ያህል ትንሽ?

አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። እሷን አንድ ሚሊዮን ቦታ ብትሸነሽኗት የአንዱ ሽንሽን ውፍረት አንድ ናኖሜትር ይሆናል። የራስ ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ነው። ቀይ የደም ሴል 7 ሺህ፣ የኮቪድ ቫይረስ 100፣ የዲኤንኤ ክር ደግሞ 2 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አላቸው። የጣታችሁ ጥፍር በየሰከንዱ አንድ ናኖሜትር ያህል ያድጋል። ናኖ የሚለው ስም በአብዛኛው የሚሰጠው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ለሚሆን ነገር ነው።

ይህ በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አይታይም። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ራሱ ከ400 ናኖሜትር ይጀምራል። በእሱ ይህን ያህል ጥቃቅን ነገር ለይቶ ማየት በጣት ሳይሆን በክርን ብሬይል ለማንበብ እንደመሞከር ነው። መፍትሔው ቀጭን ጣት ማግኘት ነበር። በ1981 ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪሽ ሮረር ጫፏ እስከ አንድ አቶም የሚሾል መርፌ ሠሩ። መርፌዋ ገጹን ሳትነካ በጣም ተጠግታ ትሄዳለች። በመካከሉ በሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ጉብታውንና ጉድጓዱን ታውቃለች። በ1986 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። በ1989 ደግሞ አሜሪካ ባለው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ ዶን አይግለር በዚህ ዓይነት መርፌ ዜኖን የሚባል ጋዝ 35 አቶሞችን አንድ በአንድ ገፍቶ የመሥሪያ ቤቱን ስም ጻፈባቸው።

ቡናው ለምን ይወቀጣል?

ማሳነስ ጠባይ የሚለውጥበት የመጀመሪያው ምክንያት ከጓዳችን አይርቅም። የተቆላ ቡና ፍሬውን እንዳለ ጀበና ውስጥ ብትጨምሩት ውሃው ቢንተከተክም የሚወጣው ቀለሙ የፈዘዘ ውሃ ነው። ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ሲወቀጥ ግን ያው ቡና ወፍሮ ይወርዳል። ቡናው አልጨመረም። የጨመረው ውሃ የሚነካው ገጽ ነው።

በቁጥር እንየው። ጎኑ ሁሉ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ስኳር አስቡ። ስድስት ገጽ አለው። ተደምሮ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፣ አንድ ቴምብር ቢያክል ነው። ጎናቸው አንድ ሚሊሜትር ወደሆነ ጥቃቅን ስኳሮች ብትቆራርጡት ጠቅላላ ገጹ 60 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። መቆራረጡን እስከ አንድ ናኖሜትር ብትቀጥሉበት 6 ሺህ ካሬ ሜትር ይደርሳል። የእግር ኳስ ሜዳ አብዛኛውን ይሸፍናል። ከአንዲት ስኳር!

ገጽ ለምን ይህን ያህል ዋጋ አለው? አንድ አቶም ብረቱ ውስጥ ሲሆን በዙሪያው ሁሉ በጎረቤት ታጥሯል። እጁ ተይዟል። ገጹ ላይ ያለው አቶም ግን በአንድ በኩል ጎረቤት የለውም። በዚያ በኩል የሚያልፍ ሌላ ሞለኪውል ካለ ይይዘዋል። የሚሠራው እሱ ነው። በቀለበት ውስጥ ገጽ ላይ ያሉት አቶሞች ከጠቅላላው አንጻር ከቁጥር አይገቡም። ሦስት ናኖሜትር በሆነ ቅንጣት ግን ከአቶሞቹ ግማሽ ያህሉ ገጽ ላይ ናቸው። ውድ ብረት ገዝተህ ውስጥ ለውስጥ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ገጽ ላይ አውጥተህ ማሠራት ነው። ኮንቨርተሩ በጥቂት ግራም የሚሠራው በዚህ ሂሳብ ነው።

ወርቅን ውሰዱ። ወርቅ የተከበረው ከምንም ጋር ስለማይጣላ ነው። አይዝግም፣ አይለወጥም፤ ዘመን ቢያልፍም ያው ነው። በ1980ዎቹ ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ ወርቅን ከአምስት ናኖሜትር በታች አሳንሶ ሞከረው። ያ ዝምተኛ ወርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድን በበረዶ ቅዝቃዜ እንኳን መለወጥ ጀመረ። ብዙ ኬሚስቶች ወርቅ ለዚህ ሥራ የማይረባ ነው ብለው ትተውት ነበር። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጠባዩን ጨርሰን አወቅነው ያልነው ቁስ ሲያንስ ሌላ ሆኖ ይመጣል።

ጥቃቅን ቅንጣቶች አንድ ትልቅ ጠላት አላቸው፤ ሙቀት ነው። ሲግሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይገናኛሉ፣ ተጣብቀው ያድጋሉ። ባደጉ ቁጥር ገጻቸው ይቀንሳል። አሮጌ ኮንቨርተር የሚደክመው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱ እዚያው አለ፤ ግን ቅንጣቱ አድጓል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ውሃው ስንደርስ ይመለሳል።

ቀይ መስመሯና ማሲንቆው

ሁለተኛው ምክንያት ከቡናው ትንሽ ይከብዳል። ከብርሃንና ከኤሌክትሮን ጋር የተያያዘ ነው።

ጤና ኬላ ሄዳችሁ የወባ ምርመራ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጣት ትወጋለች። የደም ጠብታውን በፕላስቲኩ ቀዳዳ ታስገባለች፣ ፈሳሹን ታንጠባጥብበታለች፣ ትጠብቃለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀይ መስመር ብቅ ይላል። ያ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ነው። በአሥር ቤት የሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ስፋት ያላቸው የወርቅ ቅንጣቶች ወደ ቀይ ያደላሉ። ውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲመታቸው አብረው ይወዛወዛሉ። አረንጓዴውን ብርሃን ይውጡታል፣ ቀዩ ይተርፋል። በቅንጣቶቹ ላይ የወባውን ምልክት የሚይዝ ፕሮቲን ይለጠፋል። ምልክቱ ደሙ ውስጥ ካለ ወርቁ መስመሩ ላይ ይሰበሰባል፣ መስመሩም ይቀላል። የኮቪድና የእርግዝና ፈጣን ምርመራዎችም ብዙዎቹ የሚሠሩት በዚህ ዘዴ ነው።

ወርቅ ሲደቅ እንደሚቀላ ማይክል ፋራዳይ በ1857 ለንደን ውስጥ አሳይቷል። ከእሱ በፊትም ባለእጆች ምክንያቱን ሳያውቁ ይጠቀሙበት ነበር። ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ሊከርገስ የሚባል የሮማውያን የመስታወት ጽዋ አለ። ዕድሜው 1,600 ዓመት ገደማ ነው። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ ነው። ከኋላው መብራት ሲበራ ደም ይመስላል። ምስጢሩ መስታወቱ ውስጥ ያሉት የወርቅና የብር ናኖ ቅንጣቶች ናቸው።

አንዳንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ቀለም የሚያወጣው የናኖ ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። ማሲንቆ ሲጫወት ያያችሁ ሰው አስቡ። ክሩ አንድ ነው። ጣቱ ክሩን ወደ ታች ተጭኖ ባሳጠረው ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ኤሌክትሮንም እንደዚያው ነው። በትልቅ ክሪስታል ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል። ክሪስታሉ ጥቂት ናኖሜትር ሲሆን ግን ይጠበዋል፣ «ክሩ» ያጥራል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ጉልበት የጨመረ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካድሚየም ሴሌናይድ ከሚባል ቁስ የተሠራ ክሪስታል ሁለት ናኖሜትር ሲሆን ወደ ሰማያዊ ያበራል፤ ስድስት ሲሆን ቀይ። ቁሱ አልተለወጠም፣ ቀለሙን የወሰነው መጠኑ ነው።

እነዚህን ክሪስታሎች ኳንተም ዶት ይሏቸዋል። አሌክሲ ኤኪሞቭ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በባለቀለም መስታወት ላይ አያቸው። ልዊስ ብረስ አሜሪካ ውስጥ በፈሳሽ ላይ አያቸው። ሞንጊ ባዌንዲ በ1993 መጠናቸውን ልክ በልክ አድርጎ የሚያወጣ አሠራር አገኘ። ሦስቱም በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ሱቅ ገብታችሁ «ኪውሌድ» የሚል ቴሌቪዥን ስታዩ ከስክሪኑ ጀርባ ያለው ይህ ነው። አሁን ብዙዎቹ አምራቾች መርዛማውን ካድሚየም ትተው በኢንዲየም ፎስፋይድ ይሠራሉ።

ማነስ ራሱ ጣጣ ሲሆን

ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቺፕ የናኖ ትልቁ ሥራ ነው። በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ 2,300 ትራንዚስተር ነበረው። በ2023 የወጣው የአይፎን 15 ፕሮ ቺፕ 19 ቢሊዮን አለው። ትራንዚስተር ማለት ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ መቀየሪያ ነው። ብዙ ለማስገባት ማሳነስ ግድ ነው።

ሲያሳንሱት ግን አንድ ቦታ ላይ ተፈጥሮ እምቢ አለች። በመቀየሪያው መክፈቻና ቺፑ በተሠራበት ሲሊከን መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን አለ። እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ 1.2 ናኖሜትር ደረሰ። አምስት አቶም ቢደራረብ ነው! በዚህ ስስነት ኤሌክትሮን አጥሩን መዝለል አያስፈልገውም፣ በአጥሩ ውስጥ ያልፋል። በእኛ መጠን ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰው የለም፤ በእነሱ መጠን ግን የተለመደ ነው። ውጤቱን ኪሳችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ፦ ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ሳይሠራበት ያልቃል። ኢንቴል በ2007 ያንን ሽፋን ሃፍኒየም የሚባል ብረት ባለበት ቁስ ቀየረው። ቁሱ ወፈር ብሎም የስሱን ያህል ይሠራል። ስለዚህ ፍሳሹ ቀነሰ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ማስታወቂያ ላይ «3 ናኖሜትር ቺፕ» ሲባል ቺፑ ላይ በሦስት ናኖሜትር የሚለካ ክፍል አለ ማለት አይደለም። የትውልድ ስም ነው። በአንድ ትራንዚስተርና በቀጣዩ መካከል ያለው ርቀት ዛሬም በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ናኖሜትሮች ነው።

ሌላው ጣጣ መጓጎል ነው። ገንፎ ያገነፋ ሰው ያውቀዋል። ዱቄቱን በአንዴ ከጨመሩበትና ቶሎ ካላማሰሉት ይጓጉላል። ውጩ የበሰለ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ ድቡልቡል ይወጣል። ናኖ ቅንጣትም እንደዚያው ነው። በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን በዝርዝር ባሳየ ጊዜ ብዙ ተስፋ ተጣለባቸው። አንዷ ቱቦ በክብደቷ ልክ ሲታይ ከአረብ ብረት እጅግ ትጠነክራለች። ፕላስቲክ ውስጥ ሲደባለቁ ግን እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የጓጎለበት ቦታ ደግሞ ጥንካሬ ሳይሆን ስንጥቅ መጀመሪያ ይሆናል። ናኖ የተጨመረበት ሲሚንቶም ቀለምም ይህ ችግር አለበት። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ፋብሪካ የማይገባው ብዙ ነገር እዚህ ጋ ነው የሚቀረው፤ ማማሰሉ ላይ።

ጤናም አለ። ረዣዥምና ግትር የሆኑ የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በአይጦች ላይ በተደረገ የ2008 ጥናት ሲተነፍሱት ካንሰር የሚያመጣው የግንባታ ቁስ አስቤስቶስ የሚያደርሰውን ዓይነት ጉዳት አሳይተዋል። ምግብ ለማንጣት ይጨመር የነበረው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በ2022 በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከምግብ ውስጥ ታግዷል። ያው ቁስ ግድግዳ ቀለም ውስጥ አለ፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውስጥም አለ። ቆዳ ላይ መቀባትና መዋጥ አንድ አይደለም፤ በዱቄት መልክ መተንፈስ ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ «ናኖ አለበት» የሚል ዕቃ ሲያጋጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የምን ቅንጣት ነው? ውስጡ ታስሮ የተቀመጠ ነው ወይስ የሚወጣ? ከወጣስ በየት በኩል ሰውነት ይገባል?

ውሃው

ወደምወደው ጉዳይ ደረስኩ። ያደግሁት ስምጥ ሸለቆ ነው። እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ ስትስቅ አይቻት የማላውቅ የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። ጥርሷ በልዞ ነበር። የእሷ ብቻ አይደለም፣ የብዙዎቻችን። ሌላ ከተማ ስንሄድ ጥርሳችንን አይተው አገራችንን ይናገሩ ነበር። አለመፋቅ ይመስላቸዋል። መፋቅ አያስለቅቀውም።

ምክንያቱ ውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ውሃው በአለቱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን አሟምቶ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቋችን ከ10 ሚሊግራም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ይህን ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል። መጠኑ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ ደግሞ አጥንትን ያደድራል፣ ጀርባ ያጎብጣል።

አንድ ነገር በደንብ ይታወቅልኝ። ውሃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ ፍሎራይዱ ይበዛል። በጨርቅ ማጥለል አይዘውም። ተራው የሸክላ ማጣሪያም አይዘውም። ባክቴሪያ አንድ ሺህ ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ሸክላው ይይዘዋል። ፍሎራይድ ግን ውሃ ውስጥ የሟሟ ነው። በዙሪያው ከሚያጅቡት የውሃ ሞለኪውሎች ጋር እንኳን ከአንድ ናኖሜትር ያንሳል። ይህን ለመያዝ ናኖ መጠን ላይ መሥራት ግድ ነው።

አንዱ መንገድ ስስ ሽፋን ነው። በባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ፣ እስራኤል ያላችሁ፣ ከቧንቧ የምትቀዱት ውሃ ብዙው ባህር የነበረ ነው። ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ያለው የሶሬክ ማጣሪያ በ2013 ሥራ ሲጀምር በቀን 624 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ባህረ ሰላጤው ላይ ድሮ ባህሩን አፍልተው እንፋሎቱን ይሰበስቡ ነበር፤ አዳዲሶቹ ግን በአብዛኛው በሽፋን ያጣራሉ። ሽፋኑ የሚሠራበት መንገድ ደስ ይላል። አንዱ ኬሚካል ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ከውሃ ጋር በማይቀላቀል ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟሉ። ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት መስመር ላይ በሰከንዶች ውስጥ የፕላስቲክ ሽፋን ይሠራል። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ከላዩ እንደሚይዘው ሽፋን ማለት ነው። ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። ይህን ለብቻው ብታነሱት ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ ወፍራም ድጋፍ ላይ ይሠሩትና እንደ እንጀራ ጠቅልለው ቱቦ ውስጥ ያስገቡታል። የውሃ ሞለኪውል ያልፋል። ጨው ይቀራል።

በነጻ ግን አያልፍም። የባህር ውሃን በዚያ ለማሳለፍ ከ55 እስከ 70 ባር ግፊት ያስፈልጋል። የመኪና ጎማ ሁለት ባር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ንጹህ ውሃ ለማውጣት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይሄዳል። የጉድጓድ ውሃ ጨዉ ጥቂት ስለሆነ ግፊቱ በጣም ያንሳል። ናኖ ፊልትሬሽን የሚባለው ላላ ያለ ሽፋን ፍሎራይድን መቀነስ ይችላል። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት መንደር ፓምፑን ማን ያሠራዋል? ሽፋኑ ሲደፈን ማን ያጥበዋል? ፍሎራይዱ ተጠራቅሞ የቀረው ውሃስ የት ይደፋል?

ሁለተኛውን መንገድ እኔ አብልጬ እወደዋለሁ። አጥንት ነው። የከብት አጥንት አየር በሌለበት ወይም አየሩ ባነሰበት ምድጃ ይቃጠላል። ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀት ይበቃዋል። ጠቁሮ ይወጣል። ይደቅና ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ይሞላል። ውሃው በላዩ ወርዶ ከታች ይቀዳል። ፓምፕ የለም፣ መብራት የለም። አገራችን ውስጥም ተሠርቶበታል።

ለምን ይሠራል? አጥንት በአብዛኛው የተሠራው አፓታይት ከሚባል ማዕድን ነው። የአጥንት አፓታይት ክሪስታሎች ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ብቻ ያላቸው ጥቃቅን ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። ናኖ ቁስን ከብቱ ራሱ ሠርቶ ጨርሶታል! የተቃጠለ አጥንት አንዱ ግራም ብቻ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ገጽ አለው። ከባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ወለል ይሰፋል። ፍሎራይዱ በዚህ ገጽ ላይ ሲያልፍ አፓታይቱ ውስጥ ካለው ሃይድሮክሲል (ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው) ጋር ቦታ ይለዋወጣል። ሃይድሮክሲሉ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀመጣል። የሰው አጥንትና ጥርስም የተሠሩት ከዚሁ ማዕድን ነው። ፍሎራይድ እኛ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥበት ምክንያትና ማጣሪያው ውስጥ የሚቀርበት ምክንያት አንድ ነው። ከእኛ አጥንት በፊት ሌላ አጥንት እንዲያገኝ ማድረግ ነው ዘዴው።

አሁን ያዙልኝ ያልኩት ሙቀት ይመለሳል። አጥንቱ ነጭ እስኪሆን በጣም ከተቃጠለ ንጹህ ይመስላል፤ ግን ፍሎራይድ የመያዝ አቅሙ ወርዷል። ክሪስታሎቹ ተጣብቀው አድገዋል፣ ገጹ ጠፍቷል። ሜሪላንድ ያለው አሮጌ ኮንቨርተር ላይ የሚደርሰው ነገር ምድጃው ውስጥ ደረሰ ማለት ነው። ባነሰ ሙቀት ከተቃጠለ ደግሞ ሥጋና ስብ ይቀርበታል፣ ውሃው ይሸታል። ስለዚህ ዋናው ጥበብ ያለው ምድጃውን የሚቆጣጠረው ሰው እጅ ነው። ሰዎች «የምን ከብት አጥንት ነው? ማን ያረደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። እሱን የማይቀበል አካባቢ አክቲቬትድ አሉሚና የሚባል በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ጠጠር መሳይ ቁስ መጠቀም ይችላል፤ ይገዛል እንጂ እዚያው አይሠራም።

አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለ። ተማሪዎቹ ቺፕ ለመሥራት ቢመኙ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን አንድ ሥራ እለምናቸዋለሁ። የአጥንቱ ማጣሪያ የሚሞላበት ቀን አለ። ገጹ በፍሎራይድ ሲያዝ ውሃው ዝም ብሎ ያልፋል። ፍሎራይድ ደግሞ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም አይለይም። ማጣሪያው ትናንት ሠርቶ ዛሬ ቢያቆም እናትየው የምታውቅበት መንገድ የላትም። መለኪያው መሣሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው ያለው። ልክ እንደ ወባው ምርመራ ጠብታ ውሃ ተደርጎበት መስመር የሚያወጣ፣ ዋጋው የቀነሰ፣ ጤና ኬላ ላይ የሚቀመጥ ነገር ያስፈልጋል።

ጊዜው ያጥራል። ጥርስን የሚያበልዘው ልጁ ስምንት ዓመት ሳይሞላው የሚጠጣው ውሃ ነው፤ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ። ዛሬ ከዚያ ጉድጓድ የምትጠጣ የሁለት ዓመት ልጅ የፊት ቋሚ ጥርሶቿ አሁን፣ በዚህ ወር፣ እየተሠሩ ነው። የሚወጡት ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላት ነው።